ገና ያላደገች ጥንቸል ዝርያዋ በምን ይታወቃል?

ጥንቸል በቤታቸው ማሳደግ የጀመሩ ወዳጆቼ ከሁሉ አስቀድመው ፎቶ ይልኩና «ይቺ ምን ዓይነት ዝርያ ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። በፎቶው ላይ የምትታየው ብዙውን ጊዜ ከእናቷ ከተለየች ብዙም ያልቆየች፣ ፊቷ ክብ፣ ጆሮዋ አጭር፣ ጠጉሯም የተንጨባረረ ግልገል ናት። በዚህ ዕድሜ ግልገሎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ አድጋ ስድስት ኪሎ የምትመዝነውም ሆነች ከአንድ ኪሎ ብዙም የማታልፈው በልጅነታቸው የሚያሳዩት ፊት ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ መልሱ ከአንድ ፎቶ አይገኝም፤ የግልገሏን ክብደት፣ አጥንት፣ ጆሮና ጠጉር ለወራት መከታተል ይጠይቃል። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሟን ነው፤ እኔ ግን ቀለም በመጨረሻ ሊታይ ይገባል ባይ ነኝ። ደግሞም በየቤታችን ያሉት ጥንቸሎች አብዛኞቹ የተዳቀሉ ስለሆኑ፣ ትክክለኛው መልስ «የዚህና የዚያ ዝርያ መልክ ያላት ድብልቅ» የሚል ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ ቅር ሊለው አይገባም። ዋናው ቁም ነገር ግልገሏ ስታድግ ምን ያህል እንደምትሆን፣ ጠጉሯ ምን ያህል ማበጠር እንደሚፈልግ፣ ጆሮዋና እግሯ ምን ዓይነት ክትትል እንደሚያሻቸው አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ስለ ዝርያ ከመነጋገራችን በፊት በአንድ ጉዳይ ላይ መግባባት ያስፈልጋል። አገር ቤት ሜዳ ላይ ብድግ ብላ ስትፈተለክ የምናውቃት ጥንቸልና ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ በየቤቱ የምትኖረው ጥንቸል አንድ እንስሳ አይደሉም። በኢትዮጵያ ደጋ የምትገኘው የዱር ጥንቸል ሌፐስ ከሚባለው ወገን ስትሆን፣ የቤት ጥንቸሎች በሙሉ የተገኙት ኦሪክቶላገስ ኩኒኩለስ ከተባለችው፣ መነሻዋ የስፔንና የፖርቹጋል ምድር ከሆነው የአውሮፓ ጥንቸል ነው። የሌፐስ ወገኖች 48 ክሮሞዞም፣ የአውሮፓዋ ጥንቸል ደግሞ 44 ክሮሞዞም ስላላቸው ሁለቱ አይዳቀሉም። የሌፐስ ግልገል ዓይኗ ተከፍቶ፣ ጠጉር ለብሳ ስትወለድ፣ የቤት ጥንቸል ግልገል ግን ራቁቷንና ዓይኗን ጨፍና ትወለዳለች፤ ዓይኗንም የምትገልጠው በአሥረኛው ቀን አካባቢ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ሥጋዋ የማይበላ በመሆኑ ብዙዎቻችን ጥንቸል ሲረባ ሳናይ ነው ያደግነው፤ ዝርያ ለመለየት የሚረዳ የቤተሰብ ዕውቀት ይዘን ያልመጣነውም ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ በየግቢው ሣር ውስጥ የምትወልደውን ኮተንቴይል የተባለች የዱር ጥንቸል ከቤት ጥንቸል እንዳያምታቱ አደራ እላለሁ። ግራጫማ ቡናማ ጠጉርና ብዙ ጊዜ በግንባሯ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያላት ግልገል ግቢ ውስጥ ከተገኘች፣ እናቷ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ መጥታ የምታጠባት የዱር እንስሳ ልትሆን ስለምትችል፣ በጎጆዋ ውስጥ መተው እንጂ ቤት አምጥቶ ስለ ዝርያዋ መመራመር ተገቢ አይደለም።

ዝርያ የሚባለው ነገር በጥንቸል ዓለም በጽሑፍ የተደነገገ መለኪያ አለው። በአሜሪካ ይህን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው የአሜሪካ ጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ሲሆን ከ50 በላይ ዝርያዎችን ያውቃል፤ በብሪታንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው የብሪታንያ የጥንቸል ምክር ቤት ይሠራል። መለኪያው የእያንዳንዱን ዝርያ ከፍተኛ ክብደት፣ የሰውነት ቅርጽ፣ የጆሮ አቀማመጥ፣ የጠጉር ዓይነትና የሚፈቀዱ ቀለሞችን ይዘረዝራል። በአሜሪካ የዘር ሐረግ ሰነድ የሚባለው ሦስት ትውልድ ወደ ኋላ የሚቆጥር ወረቀት ነው፤ አርቢዎችም በግልገሏ ግራ ጆሮ ውስጠኛ ክፍል መለያ ቁጥር ይነቅሳሉ። እንግዲህ ግልገል ያገኘ ሰው አስቀድሞ ጆሮዋን ገልጦ በብርሃን ይመልከት። ንቅሳት ካለ አርቢውን ፈልጎ መጠየቅ ይቻላል። ንቅሳትም ወረቀትም ከሌለ ልንናገር የምንችለው ስለ መመሳሰል ብቻ ነው።

የዝርያ ስሞቹ ከአገር አገር እንደሚለያዩም ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ ሎፕ የሚባሉትን፣ ማለትም ጆሯቸው የሚንጠለጠለውን እንውሰድ። ለንደን ያለች እህት «ሚኒ ሎፕ» የምትላት ጥንቸል እዚህ አሜሪካ «ሆላንድ ሎፕ» ከምትባለው ጋር የምትቀራረብ፣ በብሪታንያ መለኪያ ከ1.6 ኪሎ የማትበልጥ ትንሽ ናት። ሜሪላንድ ያለ ወንድሟ «ሚኒ ሎፕ» ሲል ግን እስከ 2.9 ኪሎ የምትደርስ፣ በብሪታንያ «ድዋርፍ ሎፕ» ከምትባለው ጋር የምትመጣጠን ጥንቸል ማለቱ ነው። ሁለቱ በስልክ ስለ ምግብ መጠንና ስለ ማደሪያ ስፋት ሲመካከሩ ይህን ካላወቁ ምክሩ ይጣረሳል።

ወደ ክብደት ልመለስ፤ ብዙ የምለውም በዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለች ትንሽ ጥንቸል ሁሉ «ድንክ» እየተባለች ትሸጣለች፤ ግልገል ሆና ትንሽ ያልሆነች ጥንቸል ግን የለችም። እውነተኛ ድንክነት የሚመጣው ከአንድ ዘረመል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤችኤምጂኤ2 በሚባለው ዘረመል ላይ ከ12 ሺህ በላይ የዲኤንኤ ፊደላት ሲጠፉ ጥንቸሏ ትንሽ፣ ጭንቅላቷ ክብ፣ ጆሮዋም አጭር ትሆናለች። ይህን ጉድለት ከአንድ ወላጇ ብቻ የወረሰች ግልገል ድንክ ሆና በጤና ታድጋለች፤ ከሁለቱም የወረሰችው ግን በተወለደች በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ትሞታለች። ሁለት ድንኮች ሲጋቡ ደግሞ ከግልገሎቻቸው በአማካይ ሩብ ያህሉ ጉድለቱን ከማናቸውም ሳይወርሱ ይቀራሉ። እነዚህ የድንክ ልጆች ቢሆኑም ድንክ አይደሉም፤ ጆሯቸው ይረዝማል፣ ክብደታቸውም ከዝርያው ልክ ያልፋል። ለጥንቸል ውድድር ትርኢት ስለማይሆኑ በቤት እንስሳነት በብዛት የሚሸጡት እነርሱ ናቸው። ሻጩ ወላጆቿን አሳይቶ «ሁለቱም ድንክ ናቸው» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ልጅቱ ግን ላትሆን ትችላለች።

በአሜሪካው መለኪያ ኔዘርላንድ ድዋርፍ ከ1.1 ኪሎ፣ ላየንሄድ ከ1.7 ኪሎ፣ ሆላንድ ሎፕ ከ1.8 ኪሎ፣ ሚኒ ሬክስ ከ2 ኪሎ ማለፍ የለባቸውም። ደች የምትባለው ከ1.6 እስከ 2.5 ኪሎ ትመዝናለች። ኒውዚላንድ፣ በስሟ ሳንታለል በአሜሪካ የተፈጠረችው፣ እስከ 5.4 ኪሎ ትደርሳለች፤ ፍሌሚሽ ጃየንት ደግሞ አድጋ ከ5.9 ኪሎ በታች ከሆነች ከመለኪያው ውጭ ናት። እነዚህ ቁጥሮች የአዋቂ ቁጥሮች ስለሆኑ በግልገል ላይ በቀጥታ አይሠሩም። የሚሠራው የዕድገቷን ፍጥነት መመዝገብ ነው። የኩሽና ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጣል፤ እንዳትንሸራተት ከውስጡ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ከተመለሰ በኋላ ግልገሏ ሆዷና መቀመጫዋ ተደግፎ በዝግታ ትገባለች። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ከተቻለ ጠዋት ከመመገቧ በፊት ተመዝና በደብተር ይጻፍላታል። የትናንሽ ዝርያዎች ዕድገት በአራተኛው ወር አካባቢ መቀዝቀዝ ጀምሮ በስድስተኛው ወር ገደማ ይቆማል፤ ትላልቆቹ ግን ከዚያም በኋላ ክብደት እየጨመሩ ዓመት ሊያልፋቸው ይችላል። የአሜሪካው ማኅበርም ትናንሾቹን በስድስት ወር፣ ትላልቆቹን በስምንት ወር አዋቂ ብሎ የሚመድባቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በአምስተኛው ወር ላይ ሳምንት በሳምንት የማያወላውል ጭማሪ የምታሳይ «ድንክ» ካለች ባለቤቷ ሰፋ ያለ ማደሪያ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ምዝገባው ሌላም ጥቅም አለው፤ በማደግ ላይ ያለች ጥንቸል ክብደቷ ከቀነሰ ወይም ለግማሽ ቀን ያህል ምግብ ካልቀመሰች በአስቸኳይ ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ ይገባታል።

ጆሮ ከክብደት ቀጥሎ ብዙ ይናገራል፤ በትዕግሥት ከተጠበቀ ነው እንጂ። የጥንቸል ጆሮና የኋላ እግር ከቀረው አካሏ ቀድመው ስለሚያድጉ፣ በሦስተኛው ወር ላይ ያለች ግልገል ሁለመናዋ ጆሮና እግር ብቻ መስሎ ይታያል። የኔዘርላንድ ድዋርፍ ጆሮ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሲለካ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከ6.3 ሴንቲሜትር ካለፈ በትርኢት ላይ ከውድድር ውጭ ያደርጋታል። ስለዚህ በልብስ ሰፊ ሜትር ጆሮን መለካት ከየትኛውም ፎቶ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

የሎፖቹ ጆሮ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ሎፕ ስትወለድ ጆሮዋ የወደቀ አይደለም፤ የአንዳንዷ በጥቂት ሳምንታት፣ የሌላዋ ከወራት በኋላ ይወርዳል። በመካከሉ ጆሮዋ ወደ ግራና ቀኝ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ተዘርግቶ ወይም አንዱ ቆሞ አንዱ ወድቆ የሚታይበት ጊዜ አለ። ሙቀት ሲበረታ የወረደው ጆሮ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ግልገሏ ሎፕ መሆኗን ለመገመት የምመለከተው የጆሮውን ሥር ነው፤ በሎፖች ላይ ጆሮዎቹ የሚነሱበት የራስ ቅል አናት ወፈር ያለ ሸንተረር ይሠራል፣ በጣትም ሲዳሰስ ይታወቃል። ያም ሆኖ ሎፕ ከሌላ ዝርያ ጋር ስትዳቀል ጆሮ ቆሞ ሊቀር እንደሚችል የሆላንድ ሎፕ የራሷ ታሪክ ያስረዳል። በኔዘርላንድ ቲልበርግ ይኖር የነበረው አድሪያን ደ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1949 ፍሬንች ሎፕን ከኔዘርላንድ ድዋርፍ ጋር ማዳቀል ሲጀምር፣ በመጀመሪያ ያገኛቸው ግልገሎች ጆሯቸው የቆመ ነበር። ኢንግሊሽ ሎፕን ጨምሮ፣ ትውልድ በትውልድ እየመረጠ፣ ዝርያው በአገሩ ዕውቅና ያገኘለት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እንግዲህ አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ የወደቀ አዋቂ ጥንቸል ያለው ሰው፣ ከወላጆቿ ወይም ከአያቶቿ አንዱ ሎፕ እንደነበር መገመት ይችላል፤ ከዚያ አልፎ የትኛው ሎፕ እንደነበር ለመናገር ክብደቷ መታየት አለበት።

ስለ ጠጉር ሲነሳ ለመለየት ከሁሉ የምትቀለው ሬክስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1919 ፈረንሳይ ውስጥ የተገኘው ይህ የጠጉር ዓይነት ላይኛውና ውስጠኛው ጠጉር እኩል አጭር ስለሆነ እንደ ከፋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ያሉት ጺሞች ደግሞ ገና ከሕፃንነቷ የተጠማዘዙ ናቸው። ጺሟ የተጠማዘዘ ግልገል ካጋጠመ የሬክስ ዘር አለባት ማለት ያስደፍራል። ዘረመሉ ከሁለቱም ወላጆች ካልመጣ አይታይምና፣ ጠጉሯ ሬክስ የሆነ ድብልቅ ጥንቸል በሁለቱም ወገን የሬክስ ዘር አላት። እነዚህ ጥንቸሎች ከእግራቸው በታች ያለው ጠጉር ሳሳ ያለ ስለሆነ ተረከዛቸው በሽቦ ወለል ላይ በቀላሉ ይቆስላል፤ ለስላሳ ንጣፍ ያስፈልጋቸዋል።

ላየንሄድ፣ ማለትም ባለጋማዋ፣ በተቃራኒው ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም በሚታይ ዘረመል የምትታወቅ ናት። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰችው ጋማዋ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጎኖቿም እስከ ታፋዋ ድረስ ረጅም ጠጉር የለበሱ ይሆናሉ። ከአንዱ ብቻ የወረሰችው ግን በልጅነቷ የሚያምር ጋማ ኖሯት፣ በአራትና በአምስት ወሯ የልጅነት ጠጉሯን ስትጥል ጋማው ሊሳሳ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የእኛዋ ቦራ የዚህ ምሳሌ ናት። ከእንስሳት መጠለያ ስትመጣ የማደሪያዋ ወረቀት «ድንክ ላየንሄድ» ይል ነበር፤ ልጄ ቦራ ያለቻት ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ በወረደው ነጭ መስመር ነው። ጋማዋ ከመጀመሪያው የጠጉር ለውጥ በኋላ በጉንጯና በአገጯ ሥር ጥቂት ሆኖ ቀረ፤ ክብደቷም 2.3 ኪሎ ደርሶ ቆመ። ይህ ክብደት ከላየንሄድ ልክ አልፎ በደች ልክ ውስጥ የሚወድቅ ነው። የግንባሯ ነጭ፣ በአንገቷ ዙሪያ ሳይገናኝ የቀረው ነጭ ቀለበትና ነጫጭ የኋላ እግሮቿም ወደ ደች ያመለክታሉ። ነገር ግን እርግጠኛ አያደርጉም፤ ቪየና የሚባለው፣ ሁለት ሲሆን ነጭ ጠጉርና ሰማያዊ ዓይን የሚያመጣው ዘረመል አንድ ብቻ ሲወረስ ተመሳሳይ ነጭ ምልክቶችን ይሠራል። ከሁለቱ አንዱ ዓይን ሰማያዊ ወይም ዝንጉርጉር ቢሆን ኖሮ ቪየና ነው ባልኩ ነበር፤ የቦራ ዓይኖች ሁለቱም ቡናማ ቢሆኑም ይህ ብቻውን ቪየናን አያስቀርም። ስለዚህ በሐኪሟ መዝገብ ላይ «ድብልቅ፣ የላየንሄድ ዓይነት» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ፤ ማስረጃው የሚፈቅደው እስከዚያ ነውና።

ቀለምን በመጨረሻ የማነሣበት ምክንያት አንድ ቀለም በብዙ ዝርያዎች ስለሚገኝ ነው። ሰውነቷ ነጭ፣ አፍንጫዋ፣ ጆሮዋ፣ እግሮቿና ጅራቷ ጥቁር፣ ዓይኗ ቀይ የሆነችን ጥንቸል እንውሰድ። ብዙ ሰው «ካሊፎርኒያ ናት» ይላል። ካሊፎርኒያ እስከ 4.7 ኪሎ የምትደርስ፣ ጡንቻዋ የሞላ ጥንቸል ናት። ሂማሊያን ያንኑ ቀለም ይዛ ከ2 ኪሎ የማትበልጥ፣ ቀጭንና ረጅም ሰውነት ያላት ሌላ ዝርያ ናት። ኔዘርላንድ ድዋርፍም በዚሁ ቀለም ትገኛለች። ከዚህ በላይ ደግሞ ይህ ቀለም ከሙቀት ጋር የሚሄድ ነው፤ ጠጉሩን የሚያጠቁረው ኢንዛይም የሚሠራው ቀዝቃዛ በሆነው የአካል ክፍል ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ግልገሏ ስትወለድ ጥቁሩ አይታይም፣ በብርድ ያደገችውም በሙቀት ካደገችው ይልቅ ትጠቁራለች። በስድስት ሳምንቷ ጆሮዋ ግራጫ ብቻ የሆነ ነጭ ግልገል ስታድግ ልትለወጥ ትችላለች።

የቀለሟን ዓይነት በትክክል ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጀርባዋ ላይ ጠጉሯን በእስትንፋሱ እፍ ይበል። ጠጉሩ ተከፍሎ ክብ ሲሠራ፣ ከቆዳው ጀምሮ ግራጫ፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ ወይም ነጭ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ሆኖ ቀለበት በቀለበት ከታየ የዱር ቅድመ አያቶቿ ቀለም የሆነውን አጉቲን ይዛለች ማለት ነው፤ ሆዷ፣ የዓይኗ ዙሪያና የጅራቷ ሥርም ነጣ ይላሉ። ቀለበቱ ከሌለና ጠጉሩ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ሌላ የቀለም ወገን ነው። ይህ የሚያስደስት ምርመራ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ስለ ዝርያዋ ግን ብቻውን የሚለው ጥቂት ነው።

ሰነድ የሌላትን ጥንቸል ለውሾች እንደሚደረገው በምራቅ ናሙና የዝርያ መቶኛ አውጥቶ የሚነግር አስተማማኝ መንገድ የለም። የሠለጠነ እጅ ግን አለ። የጥንቸል ዳኞች እንስሳዋን ጠረጴዛ ላይ አቁመው ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ እጃቸውን እያሻገሩ የአጥንቷን ውፍረትና የጀርባዋን ቅስት ይዳስሳሉ፤ ጠጉሩን ወደ ኋላ አበጥረው በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ያያሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች በየዓመቱ በኦገስት ወር ጌይዘርስበርግ በሚካሄደው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ትርኢት ላይ ጥንቸል የሚያረቡ ወጣቶችንና አርቢዎችን ማግኘት እንችላለን፤ ንጹሕ ዝርያዎችንም ጎን ለጎን ማየት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። በዚያ ወር ሙቀቱ ስለሚበረታና ጥንቸል ሙቀትን ስለማትችል የራስን ጥንቸል ይዞ መሄድ አይመከርም። በምትኩ የክብደቷን መዝገብ፣ የጆሮዋን ርዝመት፣ እንዲሁም ሦስት ፎቶዎች ይዞ መሄድ ይበቃል፦ አንዱ ከጎን በዓይኗ ቁመት ልክ፣ አንዱ ከፊት ለፊት፣ አንዱ ከላይ የተነሡ። ከፍ ብሎ ቆሞ በስልክ የተነሣ ፎቶ ጭንቅላቷን አግዝፎ ሰውነቷን ስለሚያሳንስ፣ ማንኛዋንም ጥንቸል ድንክ አስመስሎ ያሳያል።